እንቁላል የማትሰብር መኪና



ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ አንድ የፈረንሳይ አገር መሐንዲስ ነው። ስሙ አንድሬ ለፌቭር ይባላል። ሥራው የመኪና ንድፍ ማውጣት ነበር። ንድፍ ማለት አንድ ዕቃ ከመሠራቱ በፊት መልኩና ልኩ በወረቀት ላይ ሲሣል ነው። «የመኪና ወሬ ለገበሬ ምን ይረባዋል?» ትሉ ይሆናል። እስቲ አዳምጡን።

ለፌቭር የተወለደው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1894 ነው። መጀመሪያ የተማረው የአውሮፕላን ሥራ ነበር። አውሮፕላን ከከበደ አይነሣም፤ ስለዚህ ቀላልና ጠንካራ ነገር መሥራትን ከዚያ ለመደ። በ1933 ሲትሮኤን ወደሚባለው የመኪና ፋብሪካ ገባ።

በዚያን ጊዜ በፈረንሳይ ገጠር ብዙው ገበሬ ወደ ገበያ የሚሄደው በፈረስ ጋሪ ነበር። የፋብሪካው ኃላፊ ፒየር ቡላንዤ ይህን አየና መሐንዲሶቹን አዘዘ። «ሁለት ገበሬና 50 ኪሎ ድንች የምትጭን፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የምትሄድ፣ ርካሽ መኪና ሥሩ። እንቁላል በቅርጫት ተጭኖባት በታረሰ ማሳ ላይ ስትሄድ አንድም እንዳይሰበር» የሚል ነበር ትእዛዙ።

ታዲያ ትልም መሻገር እንዴት እንደሚያንገጫግጭ ለእናንተ አይነገርም። ለፌቭርና ባልደረቦቹ ብዙ ዓመት ደከሙ። ሞላውን አለሰለሱት። ክብደት ለመቀነስ ጣሪያውን ሸራ አደረጉት። በመካከሉ ጦርነት መጣ፤ ጀርመኖች አገሩን ሲይዙ የሙከራ መኪናዎቹን ደበቋቸው። መኪናዋ ለሕዝብ የታየችው በ1948 ነው። ስሟም «ሁለት ፈረስ» ተባለ። መልኳን አይተው የሳቁባት ነበሩ። ገዢው ግን ተራ ይዞ ዓመታት ጠበቃት። እስከ 1990 ድረስም ስትሠራ ቆየች።

ለፌቭር በስተርጅናው ታሞ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ አለው። ቀኝ እጁ ሲከዳው በግራ እጁ መጻፍና መሣል ተማረ። በ1964 ዐረፈ።

«እጃችን ሞፈር የለመደ ነው፤ እርሳስ አይዝም» ላላችሁን መልሱ ይኸው ነው። ለእኛ ለተማሪዎቹም ትምህርት አለው። ወደ እናንተ ስንመጣ ሁሉን የምናውቅ መስሎን፣ ሳንጠይቅ የተናገርንበት ቀን ብዙ ነው። ያቺ መኪና ግን የተጀመረችው ከወረቀት ሳይሆን ከገበሬው ችግር ነው።

እንግዲህ ተራው የእናንተ ነው። ሥራችሁን የሚያቀልላችሁ ምን ዓይነት መሣሪያ ነው? ምን ያህል ይሸከም? በየትኛው መንገድ ይሂድ? እርሳስ ያዙና ጻፉት፤ እኛም እናነበዋለን።