ስለ መጠባበቂያ ባትሪ ድራይቨር አሠራር



መብራት ሳይታሰብ መሄዱ በከምባታ ዞን በምትገኘው በአዲሎም ሆነ በሆሳዕና፥ በአዲስ አበባም ቢሆን እንግዳ ነገር አይደለም። አምፖል ጠፍቶ ሲመለስ እንደ ቀድሞው ይበራል፤ ኮምፒዩተር ግን እንዲህ አይደለም። በመጻፍ ላይ ሳለ ኃይል የተቋረጠበት ሜሞሪ ካርድ መዝገቡ ሊበላሽ፥ አንዳንዴም ጨርሶ አልነሣ ሊል ይችላል። የተማሪዎችን ውጤት ለያዘ መሣሪያ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2012 በእንግሊዝ አገር ለገበያ የቀረበው ራስፕበሪ ፓይና መሰሎቹ ባለ አንድ ቦርድ ኮምፒዩተሮች ዋጋቸው አነስተኛ ስለሆነ ለትንንሽ ተቋሞች ይስማማሉ። ነገር ግን እንደ ላፕቶፕ የራሳቸው ባትሪ የላቸውም። ስለዚህ የሊትየም ባትሪ የያዘ መጠባበቂያ ይደረብላቸዋል፤ ይህም 3.7 ቮልት ያህሉን የባትሪ ኃይል ወደ 5 ቮልት አሳድጎ ይመግባቸዋል። ብዙ ሰው ሥራው በዚህ ያለቀ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ የባትሪውን መዳከም ለኮምፒዩተሩ የሚነግረው ከሌለ አደጋው ዘገየ እንጂ አልቀረም።

መልእክተኛው ድራይቨር ነው። በመጠባበቂያው ላይ ያለው መለኪያ ቺፕ፥ ለምሳሌ ማክስ 17040፥ የባትሪውን ቮልቴጅና የቀረውን መቶኛ አይ ቱ ሲ በሚባለው የሁለት ሽቦ መስመር ያስተላልፋል። ድራይቨሩ ይህን አንብቦ ለሊኑክስ ከርነል ያቀርባል። ሲስተሙም አስቀድሞ በተሰጠው ወሰን መሠረት ፋይሎቹን ዘግቶ በሥርዓት ይጠፋል።

ድራይቨሩ ከከርነሉ ጋር አብሮ ካልመጣ መሥራት ያስፈልጋል። በመጀመሪያ መስመሩ መከፈቱና ቺፑ መታየቱ ይረጋገጣል። ቀጥሎ በሲ ቋንቋ የተጻፈው ምንጭ ኮድ፥ በሥራ ላይ ካለው ከርነል ጋር በሚስማሙ ሄደር ፋይሎች ኮምፓይል ይደረጋል። የተገኘው ሞጁል በቦታው ከተቀመጠ በኋላ፥ ዲቫይስ ትሪ በሚባለው መግለጫ አማካይነት ቺፑ የት እንዳለ ለከርነሉ ይነገራል።

ስሕተት የሚበዛው ከዚህ በኋላ ነው። ከርነሉ ሲታደስ ለቀድሞው የተሠራው ሞጁል ላይጫን ይችላል፤ ኮምፒዩተሩ ግን ሥራውን ስለማያቋርጥ ጉድለቱን የሚያስተውል የለም። የሚታወቀው መብራት በሄደ ቀን ነው። መፍትሔው ድራይቨሩን ዲኬኤምኤስ በተባለው ፕሮግራም ማስመዝገብ ነው፤ ይህም አዲሶቹ ሄደሮች እስካሉ ድረስ ከርነሉ በታደሰ ቁጥር ሞጁሉን እንደገና ይሠራል።

ከሁሉም በላይ፥ ጠቃሚ መዝገብ ከመግባቱ በፊት ባለሙያው ሶኬቱን ነቅሎ፥ ባትሪው እስኪዳከም ጠብቆ፥ ኮምፒዩተሩ በራሱ በሥርዓት ሲጠፋ በዓይኑ ማየት ይገባዋል። ከእድሳት በኋላም ፈተናው ይደገም። በአዲሎ ላለ ትምህርት ቤት የጠፋ መዝገብን ለማስመለስ ባለሙያ ከሩቅ ከመጥራት ይልቅ፥ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ የአንድ ከሰዓት በኋላ ፈተና ይቀላል።