ያረጀችውን ፒካፕ ከፍ ከማድረጋችን በፊት

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ ለመሠረታዊ ማኅበራት ተወካዮች፣ ለሾፌሮችና ለንብረት ክፍል ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)

 

ከእኔ በፊት የተናገሩት ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ትርፍ ክፍፍል ነበር። እኔ ደግሞ ማዳበሪያውንም ዘሩንም ተሸክማ ቀበሌ ስለምታደርሰው ስለ አሮጌዋ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል ፒካፕ እናገራለሁ። ወደ ማኅበራት በሄድኩ ቁጥር የሚቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «መኪናችን ከሥር እየነካች አስቸገረች፤ በትንሽ ወጪ ከፍ ብናደርጋትስ?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የገጠር መንገድ ፕሮግራም ብዙ ቀበሌዎች የጠጠር መንገድ አግኝተዋል። ሆኖም ከጠጠሩ ወጥቶ እስከ ማኅበሩ መጋዘን ያለው ቀይ አፈር ክረምት ሲገባ ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቀዋለን። በሌላ በኩል መኪና መለወጥ ቀላል አይደለም። በተለይ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪኖች ላይ ከፍተኛ ኤክሳይዝ ታክስ ከጣለ ወዲህ፣ ያለችንን ይዘን መቆየት ግድ ሆኖብናል።

አስቀድመን አንድ ነገር እንወቅ። ባሌስትራ ከፍ ሲደረግ ከፍ የሚለው ሻሲውና አካሉ ነው። ዲፈረንሻሉ ከአክሱ ጋር ባለበት ይቀራል። ከሥር የሚነካው ዲፈረንሻሉ ከሆነ እሱን ከመሬት የሚያርቀው ጎማ ብቻ ነው። ለምሳሌ ከ7.00 በ16 ጎማ ወደ 7.50 በ16 ብንቀይር የምናገኘው ጭማሪ ወደ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ከመኪናዋ ሥር ገብተን የተጫረውን ብረት እንይ። የተጫረው ዲፈረንሻሉ ነው ወይስ የነዳጅ ታንከሩ፣ የጭስ ማውጫው ወይም የኋላ መከላከያው?

ቀጥሎ እንለካ። መኪናዋን ባዶዋን በደልዳላ መሬት ላይ አቁመን፣ ከጎማው መሀል እስከ ጭቃ መከላከያው ጠርዝ በአራቱም በኩል ለክተን እንጻፍ። ከዚያም የተለመደውን ጭነት ጭነን እንደገና እንለካ። የግራና የቀኙ ልዩነት ጎልቶ ከታየ፣ ወይም አክሱ ሻሲው ሥር ያለውን የላስቲክ መከላከያ ሊነካ ከተቃረበ፣ መኪናዋ «አጭር» ሆና አይደለም። ባሌስትራዋ ደክሟል፣ ወይም አንዱ ቅጠል ተሰብሯል ማለት ነው። በእኔ ልምድ ከፍ ትደረግልን ተብለው ከመጡት አብዛኞቹ የሚያስፈልጋቸው የቀድሞ ቁመታቸውን መመለስ ብቻ ነበር።

አሁን ወደ አማራጮቹ ልግባ። የምናገረው ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ ስላላቸው፣ እንደ ላንድክሩዘር 75 ስላሉ መኪኖች ነው።

አንደኛው የባሌስትራውን ማንጠልጠያ ማስረዘም ነው። ርካሽ ነው፤ ነገር ግን 10 ሳንቲ ሜትር ብናስረዝም የምናገኘው ከፍታ ግማሹን፣ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የመሸከም አቅም ምንም አይጨምርም። ከፊት ሲደረግ ደግሞ አክሱን ስለሚያዞረው መሪው ቀጥ ብሎ መመለሱን ይተዋል፤ መኪናዋም መንገድ ላይ ትዋልላለች። ይህ የሚታረመው በልክ በተሠራ የብረት ሽብልቅ ነው።

ሁለተኛው በአክሱና በባሌስትራው መካከል ብረት መደረብ ነው። ከኋላ ብቻ፣ ያውም አንድ ወጥና አጭር ከሆነ ሊታሰብ ይችላል። ከፊት ፈጽሞ አይደረግም፤ ሁለት ብረት ደራርቦ ማሰርም አይፈቀድም። በብየዳ የተቀጠለ ከሆነ እኔ በበኩሌ አልነዳውም።

ሦስተኛው ቅጠል መጨመር ነው። ጭነት ለሚበዛበት የኋላ ባሌስትራ ከርካሾቹ ሁሉ የሚሻለው ይህ ነው። ረጅም ቅጠል ከአጭሩ ይመረጣል፤ ምክንያቱም ጫናው በአንድ ቦታ ላይ አይሰበሰብም። ባዶዋን ስትሄድ ግን ትነጥራለች። ከሁሉም በላይ፣ ቅጠል ስለተጨመረ የተፈቀደው ጭነት አይጨምርም። አክሱ፣ ኩሽኔታውና ሻሲው ያው የድሮዎቹ ናቸው።

አራተኛው ያረጀውን ባሌስትራ አስቀጥቅጦ እንደገና ማጎበጥ ነው። ብረቱ ተገቢውን የሙቀት ሥራ ካላገኘ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ይተኛል።

አምስተኛው ሙሉ አዲስ ባሌስትራ ከነ አሞርዛተሩ መግጠም ነው። ወጪው የመጀመሪያ ቀን ያስደነግጣል፤ ሆኖም ሁለት ጊዜ ከመክፈል ያድናል።

አንዳንድ ሂሉክስ ከፊት ባሌስትራ ሳይሆን የሚጠመዘዝ ዘንግ አለው። እሱን አጥብቆ ከፍ ማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ነገር ግን ጎማው ወደ ታች የሚወርድበትን ቦታ ይወስዳል፤ የፊት እግሩንም ቶሎ ይበላል።

የተከበራችሁ ተሰብሳቢዎች፤ ከዚህ ቀጥዬ የምናገረው የራሴን ስህተት ነው። ከዓመታት በፊት ስሙን በማልጠራው ማኅበር መኪና ላይ ከኋላ 10 ሳንቲ ሜትር ብረት እንዲደረብ የፈቀድኩት እኔ ነበርኩ። መኪናዋ አምራ ወጣች፤ ሁሉም ተደሰተ። በቆሎ ጭና ወደ ኪንዶ የሚወስደውን ቁልቁለት ስትወርድ ፍሬኗ እየደከመ ሄደ። ሾፌሩ ብልህ ስለነበር ከገደል ይልቅ ወደ አፈሩ ግድግዳ መራት። ጭነቱ ላይ ተቀምጦ የነበረው ወጣት ግን ዘሎ እግሩ ተሰበረ።

ምክንያቱን ያገኘነው በኋላ ነው። በብዙ ፒካፖች ላይ የጭነቱን መጠን እያየ ለኋላ ጎማ ፍሬን የሚመጥን ቫልቭ አለ። በዘንግ ከኋላ አክስ ጋር ተያይዟል። አካሉ ጭነት ተጭኖት ዝቅ ሲል ቫልቩ ለኋላ ፍሬን ብዙ ይለቃል። እኛ አካሉን ከፍ ስላደረግነው ቫልቩ የተጫነችውን መኪና ባዶ ናት ብሎ ቆጠራት። የፊት ፍሬኑ ብቻውን ሠርቶ ጋለ። ያን ዘንግ ማስተካከል የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር። ያ ወጣት ግን ያንን የእርሻ ወቅት በአልጋ አሳለፈው።

ስለዚህ ከፍ የተደረገች መኪና ከጋራዥ ከመውጣቷ በፊት የቫልቩ ዘንግ ይስተካከል። አክሱ እስከ መጨረሻው ሲንጠለጠል የፍሬን ቱቦው እንዳይወጠር በክሪክ ተነሥቶ ይታይ። የአሞርዛተሩ ርዝመት፣ የካርዳኑ ዘንግና ክሮቸራው ይፈተሹ። የባሌስትራው ማሰሪያ ብሎኖች ጥቂት ከተነዳ በኋላ እንደገና ይጥበቁ።

ሌላው የመገልበጥ ጉዳይ ነው። የጎማዎቹ ስፋት 140 ሳንቲ ሜትር፣ የመኪናዋና የጭነቱ የክብደት ማዕከል ከመሬት 110 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ቆማ ሳለች የምትገለበጥበት ዘንበልታ በስሌት ወደ 32 ዲግሪ ነው። 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ስናደርጋት ወደ 30 ዲግሪ ይወርዳል። እየሄደች፣ መታጠፊያና ጉድጓድ ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያም በታች ነው። በእኛ ተዳፋት ላይ ሁለት ዲግሪ ትንሽ አይደለችም።

የእኔ ምክር የሚከተለው ነው። መጀመሪያ የሞቱትን ጎሚኒዎችና አሞርዛተሮች እንቀይር። ከዚያ ባሌስትራውን ለምንጭነው ጭነት በሚመጥን እንተካ፤ አቅም ካነሰን ከኋላ አንድ ረጅም ቅጠል እንጨምር። ከፋብሪካው ቁመት በላይ ከ5 ሳንቲ ሜትር አንለፍ። መኪናችን በየዓመቱ የምትመረመር ስለሆነ፣ ለውጥ ከማድረጋችን በፊት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱን እንጠይቅ። ከጭነት በላይ ሰው አንጫን።

ይህ የአባላት ገንዘብ ነው። አንድ አባል ዝንጅብሉንና ቦሎቄውን ሸጦ ያዋጣውን ብር ለመኪና መልክ ማሳመሪያ ልናውለው አይገባም። መኪናችን ከፍ ብላ ባትታይም ግድ የለም፤ የጫነችውንና የያዘችውን ሰው በደህና ካደረሰች ሥራዋን ሠርታለች።