ያረጀ ላንድክሩዘር ከፍ ሲደረግ፦ የባሌስትራና የጎማ ምርጫ



ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ደራ የሁለት ዓይነት መንገድ መገናኛ ናት። በአንድ በኩል አስፋልቱ ያልፋል፤ በሌላ በኩል በበጋ አቧራው፣ በክረምት ጭቃው የሚፈትን የገጠር መንገድ ይጀምራል። በዚህ አካባቢ ያረጀ ላንድክሩዘር ይዞ የሚሠራ ሰው መኪናውን ከፍ አድርጎ ትልቅ ጎማ ለመግጠም ቢያስብ አያስደንቅም። ይሁንና ያው መኪና በማግስቱ ሰውና ጭነት ይዞ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት አሰላ ቁልቁል ወደ አዋሽ ሸለቆ ይወርዳል። ስለዚህ ምርጫው ለሁለቱም መንገድ የሚበጅ መሆን አለበት።

አስቀድሞ መመርመር ያለበት መኪናው ዝቅ ያለው በአሠራሩ ነው ወይስ በእርጅና የሚለው ነው። ከ1999 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩት ባለ 70 ተከታታይ ከባድ ሞዴሎች በፊትም በኋላም በባሌስትራ የቆሙ ናቸው። ባሌስትራ በብዙ ዘመን ጭነት ቅስቱን ያጣል። መኪናውን በደልዳላ ሥፍራ አቁሞ፣ ከጎማው እምብርት እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በአራቱም ማዕዘን ለክቶ ከፋብሪካው ልክ ጋር ማስተያየት ይገባል። የሞተው ባሌስትራና የተበላው ቦኮላ ሲለወጡ የጠፋው ከፍታ ይመለሳል፤ ይህም ጭማሪ ሳይሆን ጥገና ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነው። ባሌስትራ የሚያነሣው ሻንሲውንና አካሉን እንጂ ዲፈረንሻሉን አይደለም። ዲፈረንሻሉን ከድንጋይ የሚያርቀው ጎማ ብቻ ነው፤ እሱም በዲያሜትሩ ጭማሪ እኩሌታ ብቻ። 235/85 አር16 ጎማ 806 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ 285/75 አር16 ደግሞ 834 ሚሊ ሜትር ገደማ ዲያሜትር አላቸው። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ቢለወጥ የሚገኘው ትርፍ 14 ሚሊ ሜትር ነው። በአንጻሩ የፍጥነት መለኪያው 80 ሲያሳይ መኪናው ወደ 83 ይሮጣል፤ ፍሬኑም በዚያው ልክ ይደክማል፤ ሞተሩም ዳገት ላይ ይከብደዋል። ለ7.50-16 ጎማ የተሠራው ጠባብ ቸርኬም ለሰፊው ጎማ አይበቃም።

ሦስተኛው ሚዛን ነው። ለምሳሌ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ስፋት 1.40 ሜትር፣ የክብደቱ ማእከል ከመሬት 0.75 ሜትር ቢሆን፣ የስፋቱ እኩሌታ ለከፍታው ሲካፈል 0.93 ይሆናል። ማእከሉ 5 ሴንቲ ሜትር ቢነሣ ይኸው ቁጥር ወደ 0.875 ይወርዳል። መኪናው ላለመገልበጥ ያለው አቅም በ6 በመቶ ያህል ቀነሰ ማለት ነው። ጣሪያው ላይ ጭነት ሲጨመር ጉዳቱ ይብሳል።

ከዚህም በላይ መኪናው ከፍ ሲል የክሮቼራው አንግል ይሰፋል፤ የፍሬን ጎማ ቱቦዎች ይወጠራሉ፤ ሾክ አብዞርበሩ ያጥራል፤ የፊት አክስሉ ማዘንበያ ተለውጦ መሪው ሊዋልል ይችላል። እነዚህን ሳያስተካክሉ በፊት አክስል ላይ ብረት ደርቦ ከፍ ማድረግ ሥራ አይባልም።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ ጥገና፣ ቀጥሎ ለጭቃ የሚስማማ ጥርስ ያለው በፋብሪካው ልክ የሆነ ጎማ፣ ያም ካልበቃ ብቻ ከ5 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ከፍታ። ሥራው ሲያልቅ መኪናው ባዶውን ብቻ ሳይሆን ተጭኖም በቁልቁለት መፈተን አለበት። ባለንብረቱ የሚያየው ከፍታውን ነው፤ ፍሬኑንና ሚዛኑን አይቶ፣ አስፈላጊ ሲሆንም ይህ አይሆንም ብሎ መንገር የመሐንዲሱ ፈንታ ነው።