ባለ ሀብት ማለት ምን ማለት ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ!

ፋብሪካ ያቆመውን፥ ሱቅ የከፈተውን፥ ሕንፃ የሚያሠራውን ሰው ሁሉ ባለ ሀብት እንለዋለን። ቃሉ ከአፋችን የማይለይ ሲሆን ምስጢሩን የሚያስተውለው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን ይህን አንድ ቃል እንመለከታለን።

«ባለ» የሚለው «በዓል» ከሚለው የግእዝ ቃል የመጣ ነው፤ ይኸውም ጌታ፥ ባለቤት ማለት ነው። «ሀብት» ግን «ወሀበ»፥ ሰጠ ከሚለው ግስ የወጣ ነውና ትርጓሜው ስጦታ ነው። ሀብተ መንፈስ ቅዱስ ስንል የመንፈስ ቅዱስ ስጦታ ማለታችን ነው፤ ልጆቻችንንም ሀብተ ማርያም፥ ሀብተ ሚካኤል ብለን ስንሰይም ስለ ገንዘብ አንናገርም። «ባለ ጸጋ» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ጸጋ ያለ ዋጋ የተሰጠ ነውና።

እንግዲህ ባለ ሀብት ማለት ስጦታ የተቀበለ ሰው ማለት ከሆነ፥ በስሙ ውስጥ ሰጪው አለ። በጉልበቴ አገኘሁት የሚል ቢኖር ጉልበቱን ማን ሰጠው? ሀብት ከእጅ የሚወጣ መሆኑንም በ1967 ዓ.ም. ባንኮችና ትላልቅ ፋብሪካዎች በመንግሥት በተወረሱ ጊዜ አባቶቻችን አይተዋል።

ስጦታ የተቀበለ ሰው እንዴት እንደሚኖር ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 በምሳሌ አስተምሮናል። የወይኑ ባለቤት ሠራተኞችን ለመቅጠር ራሱ ማልዶ ወጣ፤ ዋጋቸውንም ተስማማ፤ በመሸም ጊዜ መጋቢውን ጠርቶ ክፈላቸው አለው እንጂ ነገ ይምጡ አላለም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24ም የድኻው ምንደኛ ዋጋ ፀሓይ ሳይገባ እንዲሰጠው ታዟል፤ ነፍሱ በእርሱ ላይ ተንጠልጥላለችና።

ዛሬ ግን ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲሸከም የዋለውን የቀን ሠራተኛ ነገ ተመለስ ብሎ የሚሰድድ አለ። ያ ሰው ወደ ልጆቹ ባዶ እጁን ይገባል። አሠሪውም በእሑድ ለቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ይዞ ይመጣል። ወንድሜ ሆይ፥ ይህ መባ የማን ነው? ያንተ ነውን? ወይስ ያ ድኻ ያልተከፈለው እራት ነው? የተቀማ ደመወዝ እንደሚጮኽ፥ ጩኸቱም ወደ እግዚአብሔር ጆሮ እንደሚደርስ ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 ነግሮናል። አስቀድመህ የሠራተኛህን ክፈል፤ ከዚያ በኋላ መባህን አምጣ።

ይህ ነገር ለታላላቆች ብቻ የተነገረ አይምሰላችሁ። አንድ ተላላኪ ያለው ባለ ሱቅ፥ አንዲት ሠራተኛ ያለቻት እመቤትም በዚህ ስም ይጠየቃሉ። ሠራተኛም ቢሆን የእጁ ብርታት ሀብት ነውና አሠሪው ባያየው እንኳ በታማኝነት ይሥራበት።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ከመተኛታችን በፊት የማን ዋጋ በእጃችን እንዳለ እናስብ፤ ነገም በማለዳ እንመልስ። ስሙን የተሸከምን ሁላችን በሥራችን ሰጪውን እንድንመስል አምላካችን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።