ሰው ማወቅ ለሥራ ብቻ አይደለም

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ከአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)



ሰብሳቢያችን «ስለ ኔትዎርኪንግ ንገሪን» ብለውኛል። ቃሉን ስንሰማ ብዙዎቻችን የሚታዩን ሱፍ ለብሰው በሆቴል አዳራሽ ቢዝነስ ካርድ የሚለዋወጡ ሰዎች ናቸው። እኔ ግን ዛሬ የማነሳው የቤታችንን ጉዳይ ነው። በሥራ ቦታ ሰው የምንተዋወቅበትና ተጋግዘን ነገር የምንጨርስበት ችሎታ ልጅ ለማስተማር፣ የታመመ ለማሳከም፣ ብቸኝነትን ለማስታገስም ይጠቅማል። ችግሩ የቢሮውን በር ስንዘጋ ችሎታውንም እዚያው ትተነው መውጣታችን ነው።

ሥራዬ ሂሳብ ነው። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ እኔና የሙያ ጓደኞቼ በቴሌግራም እንጠያየቃለን። አዲስ መመሪያ ሲወጣ አንዷ «ይህን አንቀጽ እንዴት ተረዳችሁት?» ትላለች፤ ሌላዋ የምታውቀውን ትነግራታለች። «አላውቅም» ማለት ማናችንንም አያሳፍረንም። ይህችው ሴት ግን ቤቷ ስትገባ ልጇ ማንበብ አቅቶት፣ ወይም አከራይዋ ኪራይ ጨምረውባት ብቻዋን ስትብሰለሰል ታድራለች። በቢሮ «ጥያቄ» የምንለውን በቤት «ገመና» እንለዋለን። አባቶቻችን ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለዋል።

በእርግጥ መረዳዳት ለእኛ አዲስ አይደለም። እድር አለን፤ ሐዘን ሲደርስ ድንኳኑና ወንበሩ ሳይጠሩት ይመጣል። እቁብ አለን፤ ቀድማ ለደረሳት ወለድ የሌለው ብድር፣ ዘግይታ ለደረሳት ቁጠባ ነው። የጽዋ ማኅበር አለን፣ ቡና የምንጠራራቸው ጎረቤቶች አሉን። እነዚህ ሁሉ ሀብቶቻችን ናቸው። ይሁንና በአንድ እድር ያሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚኖሩት አንድ ሰፈር ነው፤ የሚሸምቱት ከአንድ ገበያ፣ የሚሰሙትም አንድ ወሬ ነው። ስለዚህ እኔ የማላውቀውን ጎረቤቴም ላታውቀው ትችላለች።

ማርክ ግራኖቬተር የተባለ አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ይህንኑ አሳይቷል። በሚያውቁት ሰው በኩል ሥራ ያገኙ ሰዎችን «የጠቆማችሁን ሰው በምን ያህል ጊዜ ታገኙት ነበር?» ብሎ ጠየቀ። የተጠየቁት ብዙ ባይሆኑም መልሳቸው ያስገርማል። «ቶሎ ቶሎ እናገኘው ነበር» ያሉት 17 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። የቀሩት ሰውየውን የሚያገኙት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የቅርብ ሰዎቻችን የሚያውቁት እኛ የምናውቀውን ነው። አዲስ ነገር የሚመጣው ሌላ ሰፈር ከሚውል ሰው ነው።

ይህን በቤተሰቤ አይቼዋለሁ። እናቴ የምትኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ዓይኗ እየደከመ ሄዶ መጀመሪያ መርፌ ላይ ክር መሰካት፣ ቀጥሎም የሰው ፊት መለየት አቃታት። ጎረቤቶቿ ይወዷታል፤ ውሃ ይቀዱላታል፣ እጇን ይዘው ቤተ ክርስቲያን ይወስዷታል። ነገር ግን «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል» ከማለት ሌላ የሚያውቅ በመካከላቸው አልነበረም። በዚያን ሰሞን የሁለት ቀን ሥልጠና ላይ ከአጠገቤ የተቀመጠች ሴት የሆስፒታል ገንዘብ ያዥ ነበረች። ነገሩን ሳነሳላት «የዓይን ሞራ ይሆናል፤ ከሆነ በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል፣ አምጥተሽ አስመርምሪያት» አለችኝ። ካርድ በየትኛው ቀን እንደሚወጣ፣ ምን ይዘን መሄድ እንዳለብን አንድ በአንድ ነገረችኝ። እንዳለችውም ሆነ። እናቴ ቀዶ ሕክምናውን አድርጋ በዚያው ቀን ወጣች፤ ዛሬ ምስር ትለቅማለች። ከሴትዮዋ ጋር ከዚያ በፊት ተያይተን አናውቅም ነበር።

በመካከላችን ከፒያሳና ከካዛንቺስ ተነስታችሁ ኮንዶሚኒየም የገባችሁ እናቶች አላችሁ። የብዙ ዓመት ጎረቤት በአንድ ጊዜ ሲበተን ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። በአዲሱ ብሎክ ሁሉም በሩን ዘግቶ ይገባል፤ ማን ነርስ፣ ማን መምህርት፣ ማን ልብስ ሰፊ እንደሆነች አይታወቅም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይባላል፤ እዚያ ግን ጎረቤቱ ራሱ እንደ አዲስ መሠራት አለበት።

ታዲያ ምን እናድርግ? ከሥራዬ ከተማርኩት አራት ነገር ልጥቀስ።

አንደኛ፣ ለይተን እንጠይቅ። «ሥራ ካገኛችሁ ንገሩኝ» የሚል ሰው ብዙ ስለሆነ ሰሚው ወዲያው ይረሳዋል። «ሦስት ዓመት የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሰፍቻለሁ፤ ከመገናኛ እስከ ሲኤምሲ ባለው መንገድ የግማሽ ቀን ሥራ እፈልጋለሁ» ያለችውን ግን ሰሚዋ የልብስ ስፌት ቤት ባየች ቁጥር ታስታውሳታለች። ልመና የሚመስለው ያልተለየ ጥያቄ ነው። የተለየ ጥያቄ ግን ሰውን አያስጨንቅም፤ አውቃለሁ ወይም አላውቅም ብሎ ይመልሳል።

ሁለተኛ፣ መጨረሻውን እንንገር። የጠቆመን ሰው የነገሩን ፍጻሜ መስማት ይገባዋል። «የነገርሽኝ አስጠኚ ጋ ልጄን ወሰድኩት፣ አሁን ደህና ያነባል» ብሎ መደወል ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ባይሳካም «ሞክሬው ነበር፣ አልሆነም፣ ስላሰብሽልኝ አመሰግናለሁ» ማለት ተገቢ ነው። ችግር ሲመጣ ብቻ የሚጮኽ ስልክ ውሎ አድሮ የሚያነሳው ያጣል።

ሦስተኛ፣ ሰውን እንመዝግብ። በሂሳብ ሥራ የሚሰበሰብና የሚከፈል ሂሳብ የሚባል አለ። ውለታን እንዲህ አድርጋችሁ አትያዙት፤ «እኔ ሁለት ጊዜ ሄጄላታለሁ፣ እሷ አንድ ጊዜ» የሚል ደብተር ወዳጅነትን ይጨርሳል። የሰውን ነገር ግን ያዙ። የተዋወቃችኋትን ሴት ስም፣ ምን እንደምትሠራ፣ የልጆቿን ስም፣ ምን እንደጨነቃት በትንሽ ደብተር ጻፉ። በወር አንድ ጊዜ ገልጣችሁ ለሁለት ሰው ደውሉ፤ «ልጅሽ ፈተናው እንዴት ሆነ?» ማለት ይበቃል። የምትሰጡት ነገር የላችሁም ማለትም አይደለም። ንጹሕ በርበሬ የት እንደሚገኝ፣ የትኛው ቢሮ ጠዋት እንደማይጨናነቅ ማወቅም ለሌላው ስጦታ ነው።

አራተኛ፣ ወሰኑን እንወቅ። በአገራችን «ሰው አለኝ» ሲባል ብዙ ጊዜ ወረፋ መዝለል ወይም በዘመድ መግባት ማለት ነው። እኔ የምናገረው ስለዚያ አይደለም። «ማመልከቻው በየትኛው መስኮት ይገባል?» ብሎ መጠየቅ ማንንም አይጎዳም፤ «የእኔን አስቀድምልኝ» ማለት ግን ከፊት የቆመችውን ሌላ ሴት ይጎዳል። የሌላ ሰው ስልክ ቁጥርም ባለቤቷን ሳናስፈቅድ አንስጥ፤ በምክር መካከል የሰማነውን ገመናም ቡና ላይ አናውጣ። ስለ ዋስትና ደግሞ እንደ ሂሳብ ሠራተኛ አደራ እላለሁ። ዋስ ሆኖ መፈረም ማለት ተበዳሪው ሳይከፍል ሲቀር ዕዳውን ራስ ላይ መውሰድ ነው። ከቤታችሁ ሳትመክሩ፣ ብትከፍሉት እንደማያፈርሳችሁ ሳታሰሉ ለወዳጅነት ብላችሁ አትፈርሙ። እውነተኛ ወዳጅ እምቢታን ይችላል።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። የምትሰጡን ገንዘብ ብዙ ሥራ ሠርቶልናል፤ እናመሰግናለን። ከገንዘብ ሌላ ግን እኛ የሌለን አንድ ነገር አላችሁ፤ የምታውቁት ሰው። አባሎቻችን የሚያመርቱትን ሽሮና በርበሬ የሚረከብ ሱቅ፣ ለልጆቻችን ስለ ሙያው የሚነግር ሐኪም ወይም መሐንዲስ ብታስተዋውቁን ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ በራሳችን እንሄደዋለን።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ሎሚዋን ለመካፈል ግን አንዷ «ከብዶኛል» ማለት አለባት። ስለዚህ አሁን ቡናው እስኪቀርብ እንዲህ እናድርግ። እያንዳንዳችን እስከ ዛሬ ብዙም ካላወራናት አባል አጠገብ እንቀመጥ። አንድ የምንፈልገውን ነገር ለይተን እንንገራት፤ አንድ የምታውቀውንም እንጠይቃት። በሚቀጥለው ወር ስንገናኝ ምን እንደደረስን እንነጋገራለን።