ለአሮጌ ቮልስ አዲስ ካምቢዮ

(በተማሪዎች ማኅበር የዓርብ ማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ የምናገረው ስለ ካምቢዮና ስለ ዲፈረንሻል ነው። አርእስቱ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ጊዜ አንዳንድ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች እንደ ሣቁ ሰምቻለሁ። ይሣቁ፤ ነገር ግን ከእነርሱም መካከል አባቱ ወይም አጎቱ ቮልስ ያለው አይጠፋምና ጉዳዩ የእነርሱንም ቤት ኪስ የሚነካ ነው።

በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ከ50 ዓመት በላይ ያገለገሉ ቮልሶች እስከ ዛሬ ድረስ ይሄዳሉ። የመጨረሻዋ ቮልስ በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ከተማ ተሠርታ የወጣችው በ2003 ነው። (የፋብሪካውን ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ፤ የአገራችንን ግን ዓ.ም. እያልሁ።) በእኛም በኩል በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከለከለ። እንግዲህ ኤሌክትሪኩን ለመግዛት አቅሙ ያልደረሰ ሰው በእጁ ያለውን ጠግኖ ከመያዝ በቀር ምን ያደርጋል?

ከመጠገንም አልፎ «ማሳደግ» የሚሉት ነገር አለ። የ1962 ቮልስ ያላቸው አንድ አባት ካምቢዮው ሲጮህባቸው ወደ ጋራዥ ይሄዳሉ። ልጁም «ጋሼ፣ ከሰባዎቹ ሞዴል የወጣ ያደገ ካምቢዮ አለ፤ ይኸን ብናስገባልዎ መንገድ ላይ ይበርልዎታል» ይላቸዋል። እርሳቸውም «እንግዲያው ይሁን ልጄ» ብለው ይከፍላሉ። ከምን ወደ ምን እንዳደገ ግን ጠያቂም መላሽም የለም። የዛሬው ንግግሬ በዚሁ ጥያቄ ላይ ነው።

በብዙ መኪናዎች ካምቢዮው ከሞተሩ ሥር፣ ዲፈረንሻሉ ደግሞ በኋላው አክስል ላይ ለየብቻቸው ስለ ሆኑ አንዱን ትቶ ሌላውን መለወጥ ይቻላል። የቮልስ ሞተር ግን ከኋላ ነው፤ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉም በአንድ ቤት ውስጥ በአንድ ዘይት ይኖራሉ። ስለዚህ ካምቢዮ የለወጠ ሰው፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ ዲፈረንሻልም ለውጧል። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

በዲፈረንሻሉ ውስጥ ትልቁን ባለ ጥርስ ቀለበት መካኒኮቻችን ኮሮና ይሉታል፤ (ቃሉ የጣሊያን ነው፤ ከበሽታው ብዙ ዘመን ቀድሞ መጥቷል፤) ትንሹን ደግሞ ፒኞን ይሉታል። በ1200 ሲሲ ቮልስ ላይ ፒኞኑ 8፣ ኮሮናው 35 ጥርስ አላቸው። 35 ለ8 ሲካፈል 4.375 ይሆናል፤ ይህ ማለት ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ፒኞኑ አራት ጊዜ ከሲሶ በላይ መዞር አለበት ማለት ነው። የ1500 ሲሲዋ ቮልስ ስትመጣ ኮሮናው 33 ጥርስ ሆነና ቁጥሩ ወደ 4.125 ወረደ። በሰባዎቹ መጀመሪያ በወጡት አንዳንድ 1600 ሲሲዎች ላይ ደግሞ 31 ጥርስ ሆኖ ወደ 3.875 ወረደ። ቁጥሩ ሲያንስ በአንድ ፍጥነት ሞተሩ የሚዞረው ዙር ያንሳል፤ መኪናዋ በሜዳ ላይ ትፈጥናለች፤ ጩኸቷም ይቀንሳል። «ይበርልዎታል» የተባለው ይኸው ነው፤ ሐሰትም አይደለም። የ1200ዋ ሞተር በደቂቃ 3,600 ጊዜ ሲዞር በአራተኛ ማርሽ በ4.375 ወደ 110 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፤ አራተኛው ማርሽ ሳይለወጥ በ3.875 ቢሆን ወደ 123 በደረሰች ነበር።

በደረሰች ነበር ያልሁት ሞተሩ የሚገፋት ቢሆን ነው። ፋብሪካው ቁጥሩን ያወረደው ሞተሩን ስላሳደገ ነው እንጂ ጥርስ መቀነስ በራሱ እድገት ሆኖ አይደለም። እስኪ በጀርመን መለኪያ የፈረስ ጉልበታቸውን እንመልከት፦ 1200ው 34፣ 1300ው 40፣ 1500ው 44፣ 1600ው 50 ነው። ለ34ና ለ40 ፈረስ 4.375 ተሰጣቸው፤ ለ44 ፈረስ 4.125፤ 3.875 የመጣው በ50 ፈረስ ላይ ነው። ይህ ሁሉ ግን የተመዘነው አየሩ ወፍራም በሆነበት ቆላማ የጀርመን አገር ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በመቶ 21 እጅ ገደማ ይሣሣል። እንደ ቮልስ ያለ አየር በራሱ ሳንባ ብቻ የሚስብ ሞተር ጉልበቱ በዚያው መጠን ይቀንሳል። ታዲያ 34 ፈረስ የተባለው እዚህ 27 ሆነ፤ 44ቱ 35 ሆነ፤ 50ውም 40 አልሞላም። ልብ በሉ፤ በአራት ኪሎ ያለው 1600 ሞተር በጀርመን እንዳለው 1300 ነው። ለዚያ ለ40 ፈረሱ ሞተር ደግሞ ፋብሪካው ራሱ የመረጠለት 4.375 ነበር። እንግዲህ ሞተሩን ወደ 1600 ያሳደገ ሰው እንኳ በዚህ ከተማ 3.875 ለማስገባት ምክንያት የለውም፤ አሮጌውን 1200 ሞተር እንደ ያዘ የሚያስገባውማ ባለ 27 ፈረሱን የ50 ፈረስ ሸክም አሸከመው።

ይኸንን በዳገት ላይ እንየው። ስሌቱ የራሴ ነው፤ የፊዚክስ መምህሮቻችን ያርሙኝ። አራት ሰው የጫነች ቮልስ በደንበኛው 1,000 ኪሎ ትመዝናለች እንበል። የ1200ው ሞተር የመጠምዘዝ ኃይሉ በባሕር ወለል 8.4 ሜትር ኪሎግራም ነው፤ በእኛ ከፍታ ወደ 6.6 ይወርዳል። በሁለተኛ ማርሽ፣ ማለት በ2.06፣ በመንገድ ከአሥር አንድ እጅ ይጠፋል ብለን፣ የጎማውን ግማሽ ስፋት 31 ሳንቲ ሜትር ብናደርግ፣ በ4.375 ዲፈረንሻል ጎማዎቹ መንገዱን የሚገፉት በ173 ኪሎ ያህል ነው። በ3.875 ግን በ153 ኪሎ። ለጎማው መንከባለል 15 ኪሎ ከሁለቱም ላይ ብንቀንስ ፊተኛዋ በመቶ ሜትር 16 ሜትር ያህል ከፍ የሚል ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ትወጣለች፤ ሁለተኛዋ ከ14 አታልፍም። በመሐከሉ ባለ 15 ሜትር ዳገት ሲገኝ አንዷ ስታልፍ ሌላዋ ወደ አንደኛ ማርሽ ትወርዳለች። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በወጣን መጠን ደግሞ አየሩ ይበልጥ ይሣሣልና ሁለቱም ቁጥሮች ይወርዳሉ። የ20 ኪሎ ልዩነት ትንሽ የሚመስለው ከኋላው አውቶቡስ እየነፋበት ዳገት ላይ ቆሞ ያልተነሣ ሰው ነው። ፍሪሲዮኑም የሚቃጠለው እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

ስለ ዳገቱ ይህን ካልሁ ቁልቁለቱን መተው አይገባም፤ ከገንዘብ ይልቅ ነፍስ ያለው እዚያ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ የሚወርደው መንገድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይሄዳል። እዚያ ላይ መኪናን የሚይዛት ፍሬን ብቻ አይደለም፤ በዝቅተኛ ማርሽ የተያዘው ሞተርም ነው። የዲፈረንሻሉ ቁጥር ከ4.375 ወደ 3.875 ሲወርድ ሞተሩ በየማርሹ የሚይዝበት ኃይል ቢያንስ በመቶ 11 እጅ ይቀንሳል፤ በዚያው ፍጥነት የሚዞረው ዙርም ስለሚያንስ ከዚያ ይበልጥ ይቀንሳል። የቀረውን የሚሸከመው የአሮጌዋ ቮልስ የከበሮ ፍሬን ነው፤ እርሱም ሲግል መያዙን ያቆማል። መኪናዬ አደገች ያለ ሰው ፍሬኗን ሳይለውጥ በዚያ መንገድ ቤተ ሰቡን ጭኖ ሲወርድ ሳስብ ጋራዡ ውስጥ «ይበርልዎታል» የተባለው ቃል አያስቀኝም።

ይህን ስል ካምቢዮ መለወጥ ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። የሚያስመሰግን ለውጥ አለ። ከ1960 በፊት የተሠሩት ቮልሶች አንደኛ ማርሻቸው ማስተካከያ ቀለበት የለውም። ይህ የነሐስ ቀለበት ጥርሶቹ ከመጋጠማቸው በፊት ፍጥነታቸውን የሚያመሳስል ነው፤ እርሱ ከሌለ በእንቅስቃሴ ላይ ወደ አንደኛ ለመግባት ወይ ፍሪሲዮኑን ሁለት ጊዜ ረግጦ ሞተሩን በልክ ማስጮህ፣ ወይ ጨርሶ መቆም ያስፈልጋል። በ1960 ፋብሪካው አራቱም ማርሾች ይህ ቀለበት ያላቸውን ካምቢዮ አወጣ። ማርሾቹም ለዳገት የተሻሉ ሆኑ፦ ቀድሞ ሁለተኛው ማርሽ 1.88 በ4.43 ሲባዛ 8.3 ነበር፤ በአዲሱ 2.06 በ4.375 ሲባዛ 9 ሆነ። ለአሮጌ ቮልስ ያደገ ካምቢዮ ማለት እንግዲህ ይህ ነው፤ ቁጥሩ ያነሰው ሳይሆን ቁጥሩ የበለጠው።

መግጠሙ ግን ብሎን ፈትቶ ብሎን እንደ ማሰር አይደለም። የፊተኛው ካምቢዮ ቤቱ እንደ ባቄላ ፍሬ ከሁለት የተከፈለ ነበር፤ የኋለኛው አንድ ወጥ ነው፤ ስለዚህ ከፊት የሚያዝበት ጎማ ትራስ ይለያል። ከ1966 ወዲህ የተሠሩት አክስሎች ረዘም ስላሉ ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል። ባለ 12 ቮልት መኪና ቮላኖው ትልቅ ነው፤ ጥርሱ 130 ነው፤ የ6 ቮልቱ 109 ነበር። ትልቁን ቮላኖ በአሮጌው ካምቢዮ ላይ የሚገጥም ሰው የካምቢዮውን ቤት በውስጥ በኩል መሞረድ ግድ ይሆንበታል። የሞተሪኖው ዘንግ ጫፍም የሚገባበት ቡሽ ቀዳዳው የተለያየ ነው፤ በ12 ቮልቱ ጠባብ፣ በ6 ቮልቱ ሰፊ። ይህን ትንሽ ቡሽ ችላ ያለ ሰው ሞተሪኖውን በየወሩ ያስጠግናል፤ ጥፋቱንም በባትሪው ላይ ይጥላል።

ከሁሉ የሚያስቀው የኮምቢው ነገር ነው። እስከ 1967 የተሠሩት የቮልስ ኮምቢዎች በየኋላ ጎማቸው ላይ ተጨማሪ ጥርስ አላቸው፤ እርሱም የዙሩን አቅጣጫ ይገለብጣል። ስለዚህ ኮሮናቸው ከትንሿ ቮልስ በተቃራኒ ጎን ተቀምጧል። የኮምቢውን ካምቢዮ ኮሮናውን ሳያዛውር በትንሿ ላይ የገጠመ ሰው ወደ ኋላ አራት ማርሽ፣ ወደ ፊት አንድ ማርሽ ያላት መኪና ያገኛል።

ኮሮናንና ፒኞንን በሚመለከት አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ። ሁለቱ በፋብሪካ አብረው የተፋጩ ባልና ሚስት ናቸው፤ ከአንዱ ካምቢዮ ኮሮና፣ ከሌላው ፒኞን ማጋባት አይሆንም። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከ0.15 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ ይህም በጣት ግምት ሳይሆን በመለኪያ ሰዓት ይታወቃል። መለኪያው የሌለው ጋራዥ ካምቢዮውን እንዳለ ያውርድ፣ እንዳለ ይስቀል እንጂ ባይከፍተው ይሻላል።

አሁን የቀረው አንድ ጥያቄ ነው፤ ሰው በመኪናው ውስጥ ያለው የትኛው እንደ ሆነ በምን ያውቃል? በኋለኞቹ ካምቢዮዎች ላይ ዐይነታቸውን የሚነግር የላቲን ፊደል ተመትቷል፤ ነገር ግን ውስጡ በእጅ ከተለወጠ ፊደሉ ይዋሻል። ከ1960 ወዲህ ለተሠሩት ሳይፈቱ ማወቂያው እንዲህ ነው። መኪናዋ በደልዳላ ቦታ ትቁም፤ የፊት ጎማዎቿና መሬት ላይ የሚቀረው የኋላ ጎማ በድንጋይ ይደገፉ። አንደኛው የኋላ ጎማ በክሪክ ይነሣ፤ የእጅ ፍሬኑም ይለቀቅ። (ድንጋዩን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት፤ አንድ ጎማ ሲነሣ ማርሹ መኪናዋን አይይዛትም።) ካንዴላዎቹ ይውጡ፤ ሁለተኛ ማርሽ ይግባ፤ በተነሣው ጎማና በሞተሩ ፑሌጃ ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረግ። ከዚያ ፑሌጃውን በእጅ እያዞሩ ጎማው ሁለት ሙሉ ዙር እስኪዞር መቁጠር ነው። ፑሌጃው 9 ጊዜ ከዞረ 4.375 ነው፤ 8 ተኩል ከሆነ 4.125፤ 8 ከሆነ 3.875።

የምርምር ሥራ ለሚፈልጉ የቴክኖሎጂ ጓደኞቼም ይህች ቀላል ቆጠራ በቂ መነሻ ትመስለኛለች። በከተማችን ካሉት ቮልሶች ስንቱ 9፣ ስንቱ 8 እንደሚቆጥር ተመዝግቦ፣ ከላይ ካነሣኋቸው መጠኖች ጋር በአማርኛ በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ ቢታተም፣ በየጋራዡ ግድግዳ ላይ ሊለጠፍ ይችላል። እኔ ነገ ቅዳሜ ከጧቱ በሦስት ሰዓት ክሪክና ጠመኔ ይዤ ከቤተ መጻሕፍቱ በስተጀርባ ባለው የመኪና ማቆሚያ እገኛለሁ። ቮልስ ያላችሁ መምህራን መኪናችሁን ብታመጡልን ካንዴላውን እኛው ፈትተን እኛው እንመልሳለን።