ልጆችን ወደ ተራራ ለሽርሽር ስለ ማውጣት



በሮቤ፥ በጎባና በዲንሾ ዙሪያ ላሉት ትምህርት ቤቶች ስለሚጠቅም አንድ ነገር፥ ይኸውም ልጆችን ወደ ተራራ ለሽርሽር ስለ ማውጣት፥ ጥቂት ቃል ለመናገር ፈቃዳችሁን እለምናለሁ። አንዳንድ ሰው ሽርሽርን የሥራ ፈት ጨዋታ አድርጎ ይቈጥረዋል። ነገር ግን የጥንቱ ትምህርታችን ከሜዳ የራቀ አልነበረም። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን የሚቈጥረው ከሰው ተለይቶ በዱር ነው። ቅዱስ ያሬድም ትምህርት ቢከብደው ሸሽቶ ከዛፍ ሥር በተቀመጠ ጊዜ፥ ደጋግማ እየወደቀች በመጨረሻ ዛፉን የወጣችውን ትል አይቶ ተጽናና ተብሎ ይነገራል። እንግዲህ ዐይኑን ከፍቶ ለሚሄድ ልጅ ሜዳውም መምህር ነው።

ፓርክ የሚለው ቃል የውጭ ነው እንጂ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን በየደብሩ ዙሪያ ያለውን ደን ምሳር ሳያስነኩ ጠብቀው አቈይተውናል። የወይብ ወንዝ ፈልፍሎ ያወጣውን የሶፍ ዑመርን ዋሻም ሙስሊሞች ወንድሞቻችን የተከበረ ቦታ አድርገው ይዘውታል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም የዚሁ ዐይነት ጥበቃ ነው። የተቋቋመው በ1962 ዓ. ም. ሲሆን ስፋቱ 2,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ2016 ዓ. ም. በመስከረም ወር ዩኔስኮ ከዓለም ቅርሶች ጋር መዝግቦታል። እንግዲህ የሩቅ አገር ሰው ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ሊያየው የሚመጣውን ነገር፥ በእግሩ ሊደርስበት የሚችለው የእኛ ልጅ ሳያየው ቢያድግ ነውር አይደለምን?

ወዴት እንሂድ ለሚል መምህር፥ ለታናናሾች የሚስማማው ዲንሾ ነው። ከሮቤ ወደ ዲንሾ የሚወስደው መንገድ የጋይሳይን ሜዳ ስለሚያቋርጥ፥ የደጋ አጋዘን በመንጋ ሆኖ ሲግጥ ከመንገዱ ላይ ሆኖ ማየት ይቻላል። ይህ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የለም። የውጭ አገር ሊቃውንት ስም አውጥተው በመጽሐፍ የጻፉለት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1910 ነው፤ እረኞቻችን ግን ከዚያ አስቀድመው ያውቁት ነበር። በዲንሾ ኰረብታ ላይም ጥዱንና ኮሶውን ለልጆች በስሙ እየጠሩ ማሳየት ይገባል።

ለታላላቆቹ ተማሪዎች ግን ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ የሳነቲን አምባ ያሳያቸዋል። አምባው 4,000 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ ከባሌ ተራሮች ሁሉ የሚበልጠው ቱሉ ዲምቱም 4,377 ሜትር ነው። በዚያ ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ያልለመደ ሰውም ራሱን ያመዋል። ስለዚህ ልጆቹ ጋቢና የሚጠጣ ውሃ ይዘው በበጋ ወራት ይውጡ፤ ራሱን ያመመው ልጅ ቢኖርም ሳይዘገዩ ወደ ቈላው ይመልሱት።

በሳነቲና በወይብ ሸለቆ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ፥ በኦሮምኛ ጀዳላ ፈርዳ የሚባለው፥ ከሁሉ ይልቅ ሊታይ የሚገባው ነው። በዓለም ሁሉ ያሉት ከ500 አይበልጡም ተብሎ ይገመታል፤ ከእኩሌታ የሚበልጡትም በባሌ ናቸው። ምግቡ ፍልፈልና አይጥ ነው። በፍልፈሉ ጕድጓድ አፍ ላይ ሳይነቃነቅ ሲጠብቅ ያየ ልጅ፥ ትዕግሥት ምን እንደ ሆነ ሌላ ምሳሌ አያስፈልገውም።

አሁን ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናዘዝ። ወጣት ጸሐፊ በነበርሁ ጊዜ፥ በ1995 ዓ. ም. በጋ፥ የጎረቤት ልጆችን ይዤ ከዲንሾ ወደ ወይብ ሸለቆ ወጣሁ። ውሻዬም ተከተለን፤ ክትባት የሚባል ነገር አላስወጋሁትም ነበር። በመንገድ ያገኘን አንድ ሽማግሌ የፓርክ ጠባቂ፥ «ልጄ፥ አንተ የመጣኸው ልታይ ነው፤ ውሻህ ግን የመጣው ለማየት አይደለም» አለኝ። እኔም በልቤ ሳቅሁ፤ ውሻውንም አልመለስሁትም።

በዚያው የአውሮፓ ዓመት በ2003 መጨረሻ፥ የእብድ ውሻ በሽታ ከውሾች ወደ ቀይ ቀበሮዎች ተሻግሮ በወይብ ሸለቆ ከነበሩት ከአራቱ እጅ ሦስቱ ያህል አለቁ። በሽታውን የእኔ ውሻ አመጣው አልልም፤ አላመጣውም ለማለት ግን ምስክር የለኝም። ከዚያ ወዲህ ልጆችን ወደ ተራራ ባወጣሁ ቍጥር የዚያ ሽማግሌ ቃል ይከተለኛል።

ስለዚህ እንዲህ እንዲደረግ እለምናለሁ። አንደኛ፥ ለሽርሽር የሚወጣ ተማሪ ውሻውን በቤት አስሮ ይተው። ሁለተኛ፥ እሳት አያንድድ፤ አስታ በቶሎ ይያያዛል። ሦስተኛ፥ የላስቲክ ዕቃና የምግብ ትራፊ ሁሉ ተለቅሞ ይመለስ። አራተኛ፥ አውሬውን በድንጋይ አይወርውር፥ እንጀራም አይስጠው። አምስተኛ፥ ከተመለሰ በኋላ ያየውን በደብተሩ ይጻፍ፤ ያልተጻፈ ትምህርት ይረሳልና።

ሽማግሎች ሆይ፥ የእረኛው ውሻ ይጥፋ አላልሁም። ጅብና ነብር ባለበት አገር ውሻ ለከብት ዘበኛ ነው። ነገር ግን የእንስሳት ሐኪሞች ክትባት ይዘው ሲመጡ፥ ውሻችሁን ደብቃችሁ አታስቀሩ። በሽታው ቀበሮን ብቻ አይገድልም፤ የሰውንም ልጅ ይገድላል። ውሻ የነከሰው ልጅ ቢኖር ቍስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ሩብ ሰዓት ያህል እጠቡና፥ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት አይገኝለትምና።

ደግሞም ፓርኩ ለአውሬ ብቻ የተተወ ሜዳ እንዳይመስላችሁ። ከእነዚህ ተራሮች የሚወርደው ውሃ ቆላውን ያጠጣል። ወይብም በሶፍ ዑመር አልፎ፥ ከገናሌና ከዳዋ ጋር ተገናኝቶ የጁባ ወንዝ ሆኖ እስከ ሶማሊያ ይደርሳል። ሣሩ ቢጋጥና ደኑ ቢመነጠር፥ የሚጠማው ተራራውን ከቶ ያላየ የቆላ ሰው ነው። በግጦሹ ነገር እረኛው የሚኖርበትን ሳያጣ ሜዳውም የሚያርፍበትን ጊዜ እንዲያገኝ መላ መምታት፥ በሸንጎ ለለመዳችሁ ለእናንተ ይገባል። ከውጭ የመጣ ሕግ ብቻውን አይበቃም፤ ሽማግሌ የተናገረውን ልጅ ይሰማልና።

መምህራን ሆይ፥ በዚህ ዓመት አንድ ቀን መርጣችሁ ልጆቹን አውጡ። ያላዩትን እንዲጠብቁ ልናዛቸው አንችልም። ያየ ልጅ ግን ሳይታዘዝ ይጠብቃል፤ ውሻውንም ሲያስር የምንነግረው አያስፈልገውም።